ጉም የለበሰ ድምፅ

ፔኒና በዚያ እሑድ ከደስታዋ ብዛት እህል አልወርድላት ብሎ ነበር። አክስቷ ፊሎ የቆለለችላትን ጎደሬና ዶሮ በሹካ ወዲያና ወዲህ እያገላበጠች፣ ዓይኗን ከሸክላ ማጫወቻው ላይ መንቀል አቃታት። ከአምልኮ መልስ ያለው የእሑድ ምሳ በእነሱ ቤት ሁልጊዜም ሰው ይበዛበታል፤ የዛሬው ግን የተለየ ነው። ከዌሊንግተን ማዶ ያሉ ዘመዶች ሳይቀሩ መጥተዋል፤ ወንበር ያጡት ምንጣፍ ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም የመጣው የፔኒናን ድምፅ በሸክላ ለመስማት ነው።

"ብዪ እንጂ!" አለች ፊሎ። "ታዋቂ ሰው አይበላም ያለሽ ማነው?"

"እየበላሁ ነው አክስቴ።"

"ስታገላብጪው ነው የማየው። ዶሮው እኮ ሞቷል፤ ብትቀሰቅሺውም አይነሳም።"

ሸክላውን ትናንት ያመጣው ፈርገስ ነው። የበሩን ደወል ተጭኖ፣ አባቷ አቶ ታቪታ ሲከፍቱ በሁለት እጁ አቀረበላቸውና "ለቤተሰቡ ነው" ብሎ፣ ግባ ሳይባል ተመለሰ። አቶ ታቪታ እንግዳ ከደጅ የሚመልሱ ሰው አይደሉም፤ በከተማቸው በፖሪሩዋ ይህን የማይመሰክር የለም። ይህን ልጅ ግን ልባቸው አልተቀበለውም። ፈርገስ ከወደቡ በላይ ካለው ኮረብታ፣ ባሕሩ ከሳሎን ሆኖ ከሚታይበት ቤት የወጣ የጠበቆች ልጅ ነው። እንደ ወላጆቹ ሕግ መማሩን ትቶ፣ ግቢያቸው ጥግ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጊታርና ሽቦ ታቅፎ ይውላል።

የዛሬ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ሊጠግን መጥቶ ነበር። ፔኒና ስትለማመድ ሰማትና መፍቻው ከእጁ ወደቀ። በፊልም ቢሆን ሁለቱም ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ግንባር ለግንባር ይጋጩ ነበር፤ እነሱ ግን ተያዩና መፍቻውን ረሱት። ከዚያ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ፣ እሷ ከምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ስትወጣ ወደዚያች የቆርቆሮ ክፍል እየሄደች፣ አንድ ሙሉ አልበም አብረው ሠሩ። ትናንት የመጣው ሸክላ የአልበሙ የመጀመሪያ የሙከራ ቅጂ ነው። የሚመጣው ቅዳሜ አልበሙ በዌሊንግተን አዳራሽ ይመረቃል፤ ፔኒናም መድረክ ላይ ቆማ ትዘፍናለች።

"ያ ልጅ ሲናገር መሬት መሬት ያያል" ይሉ ነበር አባቷ። "ምን እንደሚል አይሰማኝም። ልጄ ከማይሰማ ሰው ጋር ምን ልታወራ ነው?"

እንዲህ ማለታቸው አይገርምም። አቶ ታቪታ የመዘምራኑ መሪ ናቸው። በእሳቸው ልምምድ ላይ ያለው ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ ድምፅ የኋላውን ግድግዳ መምታት አለበት። የማይመታ ካለ ልምምዱ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ፔኒናም ልጅነቷን ሁሉ ግድግዳ ስትመታ ነው ያደገችው።

የአክስቷ ልጅ ሉፔ መርፌውን ሸክላው ላይ አሳረፈች። ድምፅ ማጉያዎቹ ለዚሁ ቀን ሲባል ከቤተ ክርስቲያን በውሰት የመጡ፣ ቁመታቸው ሰው የሚያክል ነበሩ። መጀመሪያ የተሰማው ጊታር ነው፤ ጊታር መሆኑ ራሱ ግን ያጠራጥራል። በማለዳ ወደቡ ላይ እንደሚተኛው ጉም ቀስ ብሎ ክፍሉን ሞላው። ከበሮው ከሩቅ፣ ጎረቤት ምንጣፍ የሚያራግፍ ያህል ይሰማል። ከዚያ የፔኒና ድምፅ መጣ፤ መጣ ማለት እንኳ ይከብዳል።

"የታለች?" አለች ፊሎ።

"ይኸው እማዬ፣ ከኋላ ናት።"

"ከምኑ ኋላ?"

"ጨምሪው!" አለ ከምንጣፉ አንድ ሰው።

ሉፔ ጨመረችው። የዘማሪ ዘር ያልተሰማው ነገር ሲኖር የሚያውቀው መድኃኒት መጨመር ብቻ ነው። ግን በጨመሩት ቁጥር ጉሙ ወፈረ፣ በወፈረ ቁጥር ፔኒና ራቀች። "ጨምሪው!" አሉ እንደገና። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤት ውሻ አለቀሰ፣ አንዲት አሮጊት ጆሯቸው ላይ ያለውን የመስሚያ መሣሪያ አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። የሸክላው አንድ ገጽ እንዲህ እያጓራ አለቀ።

ሁሉም ወደ አቶ ታቪታ ዞረ። እሳቸው ሹካቸውን በቀስታ አስቀመጡ።

"ልጃችንን ጎረቤት ቤት አስቀምጦ ነው የቀረጻት" አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻላት ነበር። ፔኒና ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ በጓሮ በር ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አንድ የእራት ግብዣ ትዝ አላት። በፈርገስ ወላጆች ቤት ዝፈኚ ተብላ የዘፈነች ቀን እናቱ ወይዘሮ ኢሶቤል በከንፈራቸው ብቻ ፈገግ ብለው "እንዴት ያለ ትልቅ ድምፅ ነው!" ብለዋት ነበር። ያኔ ፈርገስ ዓይኑን ሰበረ። ለካ አፍሮባት ነው። አፍሮባት፣ ያን ትልቅ ድምፅ በጊታር ክምር ሥር ቀበረው። ስልኳን አወጣች።

"ሰማችሁት?" አለ ፈርገስ፤ ድምፁ በጉጉት ይንቀጠቀጣል።

"ሰማነው። እኔን ግን አልሰማሁም።"

"በምን ስፒከር ነው ያዳመጣችሁት?"

አንድ ወንድ ልቧ ለተሰበረ ሴት ሊመልስላት ከሚችለው ሁሉ የከፋውን ምረጥ ቢባል፣ ከዚህ የባሰ አያገኝም።

"በምን ስፒከር? አባቴ በዘመድ ሁሉ ፊት አፍሮ ተነሳ፣ አንተ ስለ ስፒከር ትጠይቀኛለህ?"

"ፔኒ፣ እንደዚያ ማለቴ እኮ..."

"ሹክ የምትል ሴት አምሮህ ከነበረ ሹክ የምትል መፈለግ ነበረብህ። እናትህ ድምፅሽ ትልቅ ነው ሲሉ ዓይንህን የሰበርከው ለካ ተስማምተህ ነው!"

"እናቴ? ምን አለች?"

"ቅዳሜ አልዘፍንም። ከነጭራሹም አልመጣም።" ዘጋችው። ከዚያ ማንም እንዳይሰማት በዚያ ትልቅ ድምፅዋ ላይ መዳፏን ጭና አለቀሰች።

ማምሻውን ከፈርገስ መልእክት ደረሳት። "ያልሽው ይሁን። የሸክላውን ኅትመት አስቆማለሁ፤ ድምፅሽን ወደ ፊት አውጥቼ እንደገና እሠራዋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ" ይላል። ይህን አንብባ ጭራሽ ባሰባት። እንዲህ በቀላሉ የሚቀይረው ከሆነ በፊትም አላመነበትም ማለት ነው ስትል ደመደመች። የተከፋ ልብ ማስረጃ አያጣም።

ሉፔ ጠዋት ጠዋት በባቡር አብራት ወደ ሥራ ትሄዳለች። አልበሙን ፈርገስ በስልኳ ልኮላት ኖሮ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አልነቅል ብላለች።

"ትናንት ስመለስ ሁለት ጣቢያ አልፌ ሄድኩ" አለች።

"ተኝተሽ ነዋ።"

"አልተኛሁም! ዓይኔ ተበልጥጦ ባሕሩን እያየሁ ነበር። ምን እንደምትይ አንዲት ቃል አልገባኝም፤ ግን አለቀስኩ። ከዚያ ደስ አለኝ። ከዚያ ራበኝ።"

"ሦስቱም ሁሌ የሚሆንብሽ ነገር ነው።"

"አትቀልጂ። እሑድ እኮ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ እንደ ሠርግ ቤት አስጮህኩት። ቀስ ሲል ሌላ ነገር ነው ፔኒ። ልክ ሌላ ክፍል ውስጥ የሚወድሽ ሰው ያለ ይመስላል።" አንዱን ማዳመጫ ነቅላ ዘረጋችላት።

ፔኒና እጇን ገፋችው። ልትሰማው ፈልጋ ነበር፤ ኩራቷ ግን ከጉጉቷ ቀድሞ ተሳፍሮ ኖሮ ቦታ አልለቀቀላትም። እስከ መውረጃቸው ድረስ ባሕሩን በባዶ ጆሮዋ ስታይ ሄደች።

ረቡዕ የልምምድ ቀን ነው። ዝናቡ ከሰዓት ጀምሮ አላባራም። መዘምራኑ ተሰበሰቡ፣ መሪያቸው ግን የሉም። አቶ ታቪታ ከልምምድ ቀርተው አያውቁም፤ የጉንፋን ዕለት እንኳ ሻርፕ ጠምጥመው ይቆጣሉ። ፊሎ በእሳቸው ምትክ እጇን ማወዛወዝ ጀመረች፤ ንብ የምታባርር ነው የምትመስለው። ፔኒና ሐሳብ ገባትና ወጣች።

የቤተሰቡ ቫን ከልምምድ አዳራሹ ግድግዳ ሥር ቆሟል። መስኮቶቹ በትንፋሽ ደብዝዘዋል። በሩን ስትከፍተው አባቷ የሾፌሩ ወንበር ላይ አልነበሩም፤ ከኋላ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የሉፔ ስልክ ጭናቸው ላይ ነው።

"ዝጊው፣ ዝናብ ይገባል" አሉ።

ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። "አባዬ፣ ምን ሆነሃል?"

"ምንም። የልጁን ስህተት ነቅሼ ላወጣ ነበር። አንድ በአንድ ልነግረው።" ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ስሚ።"

ስልኩ ቀስ ብሎ ይዘፍናል። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ከግድግዳው ወዲያ የመዘምራኑ ድምፅ ይመጣል፤ ቃሉ ጠፍቶ ዜማው ብቻ ነው የሚደርሰው። ከስልኩም ያ የጊታር ጉም፣ ከጉሙም ወዲያ አንዲት ሴት። ፔኒና የራሷ ድምፅ መሆኑን ለአፍታ ዘነጋች። ሴትዮዋ አልተቀበረችም። አጠገብ ካለ ብርሃን ካለበት ቤት ውስጥ ሆና፣ አይዞሽ እዚህ ነኝ የምትል ትመስላለች።

"ኤሴታ ናት" አሉ አባቷ።

ኤሴታ የፔኒና እናት ናት። ፔኒና ገና ልጅ ሳለች ነው ያረፈችው።

"እናትሽ ድምፅዋ አንድም ቦታ አልተቀረጸም። ማን አሰበው? በየሳምንቱ እሰማት ነበር፣ የማያልቅ መስሎኝ።" እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ ሊጠርጉት አልሞከሩም። "እናንተን እዚህ መኪና ውስጥ በብርድ ልብስ ጠቅልለን እናስተኛችሁ ነበር፣ ልምምዱ እስኪያልቅ። ታስታውሺያለሽ? እኔ ሁልጊዜ ውስጥ ነበርኩ፣ ጩኹ ጩኹ ስል። ከዚህ ሆኖ ምን እንደሚሰማ አንድም ቀን አልሰማሁም።"

"ይኸው ነው የሚሰማው አባዬ። እንዲህ ነው። ከሁሉም መሃል የእሷን ለይቼ እሰማና እንቅልፍ ይወስደኛል።"

"ታዲያ ልጁ በምን አወቀ?"

ፔኒና አሁን ታወሳት። ባለፈው ክረምት አንድ ዝናባማ ቀን፣ በቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ ሽቦ ሲያስተካክል ፈርገስ ጠይቋት ነበር፤ ከዓለም ድምፅ ሁሉ የምትወጂው የትኛው ነው ብሎ። እሷም እንደ ዋዛ ነገረችው፦ መኪናው፣ ዝናቡ፣ ግድግዳው፣ የእናቷ ድምፅ ከማዶ። ነግራው ረሳችው። እሱ መልስ አልሰጠም፤ ወለል ወለሉን ሲያይ ነበርና አልሰማኝም ብላ ሌላ ወሬ ጀመረች።

"እኔ ነግሬው ነው" አለች በመጨረሻ። "አንድ ጊዜ ብቻ።"

አቶ ታቪታ ስልኩን አንስተው አዩት። "ያ ልጅ መሬት መሬት የሚያየው ለካ እየሰማ ነው" አሉ።

ይሄኔ ነው የፈርገስ መልእክት ትዝ ያላት። እንደገና እሠራዋለሁ ብሎ የለ? ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው፤ ሥራ ላይ ሲሆን ሁሌም ይዘጋዋል። ፔኒና በአባቷ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ለቅሶው ግን የእሑዱ ዓይነት አልነበረም፤ ፍርሃትም ደስታም ተደባልቆበታል።

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣች ኮረብታውን በእግሯ ወጣችው። በሩን የከፈቱላት ወይዘሮ ኢሶቤል ናቸው።

"ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ነው" አሉ። "ከእሑድ ጀምሮ ወጥቶ አልበላም። ከእኔ ጋር ሲነጋገርም በአንድ ቃል ነው።" ሊዘጉ ብለው ተመለሱ። "ድምፅሽ ትልቅ ነው ብዬሽ ነበር አሉ።"

"ብለውኛል።"

"እውነቴን ነው። እኛ ቤት ልጅ ሆኜ፣ ድምፅሽን ቀንሺ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ያን ቀን ስትዘፍኚ ቀናሁብሽ መሰለኝ። ደስ የማይል ነገር ተናገርኩ።" ፊታቸው ቀልቶ መንገዱን ለቀቁላት። ፔኒና እጃቸውን ያዝ አድርጋ አለፈች።

ፈርገስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሸሚዙን ገልብጦ ነው የለበሰው። ሲያያት ብድግ አለ፣ ወንበሩ ወደቀ፣ አላነሳውም።

"ጨረስኩት" አለ። "ልልከው ስል ነው የመጣሽው። ስሚው፣ አሁን ማንም ሰው የት አለች አይልም።"

ቁልፉን ተጫነ። ድምፅዋ ከፊት ለፊት ወጣ፤ ራቁቱን፣ ኃይለኛ፣ ጥርት ያለ። ግድግዳ ይመታል። ፔኒና እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

"ቆንጆ ነው" አለች።

"ደስ አለሽ?"

"ይህን ሰምቶ ግን የሚተኛ ልጅ የለም።"

ፈርገስ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ሲቀያየር አየችው።

"አባቴ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሰማው" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "በዝናብ። ቀስ አድርጎ። እናቴን ሰማት ፈርገስ። አባቴ እናቴን ሰማት!"

ፈርገስ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ቀርባ እጆቹን ከፊቱ አወረደቻቸው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ከተነገረ ምኑን ስጦታ ሆነ? ራስሽ እንድታገኚው ነበር ፍላጎቴ፤ ብቻሽን፣ ቀስ ብለሽ። ለዚህ እኮ ነው ስለ ስፒከሩ..."

"ያን ጥያቄ ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ!" እያለቀሰች ሳቀች። "ግን ዓይንህን ሰብረሃል። እናትህ ሲናገሩ።"

"እናቴ ምን እንዳለች አልሰማሁም። ዘፍነሽ ገና መጨረስሽ ነበር። በዚያ ሰዓት ፊቴን ማንም ቢያየው ጉዴ ይፈላ ነበር።" ትንፋሹን ሰበሰበ። "በድምፅሽ እንዴት አፍራለሁ? እኔ ዓመቱን ሙሉ ስለ አንቺ የማወራበት ሌላ አፍ ጠፍቶኝ ነው እዚህ ክፍል ውስጥ የምኖረው።"

"እወድሃለሁ!" አለች ፔኒና። አባቷ እንዳሠለጠኗት ነው ያለችው፤ በግቢው ማዶ ኩሽና ውስጥ ሳህን ወድቆ ሲሰበር ተሰማ። ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ፤ ሲስቁ ተቃቀፉ፤ ተቃቅፈውም ሳቁ ቀስ እያለ ጸጥታ ሆነ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ምንም የሚጎድል ነገር አልነበረም።

"ቅዳሜ እዘፍናለሁ" አለች ከደረቱ ሳትነሳ። "አልበሙም እንደነበረ ይቅር። አባቴ ግን አንድ እርማት አለው።"

"እርማት?" ፈርገስ እርሳስ ፍለጋ ጠረጴዛውን መዳበስ ጀመረ።

"እናቴ ስትዘምር የምትቆመው በመስኮቱ በኩል ነበር። ትንሽ ወደ ግራ አድርገው ብሏል።"

"ትክክል ነው" አለ ፈርገስ በሙሉ ቁም ነገር። "እኔም ጠርጥሬ ነበር።"

"ደግሞ እሑድ እንድትመጣ ብሏል።"

"ለምሳ?" ዓይኑ ፈካ።

"ከምሳው በፊት። ከመዘምራኑ ጋር ትቆማለህ። ወፍራም ድምፅ ካላቸው ወንዶች መሃል አንድ ሰው ጎድሎባቸዋል።"

ፈርገስ ፊቱ ገረጣ። "እኔ መዝፈን አልችልም።"

"ያውቃል።"

"ሰው ሁሉ ፊት?"

"ሰው ሁሉ ፊት። ያለ ኤኮ፣ ያለ ጊታር። አባቴ ደጁን የሚከፍተው እንደዚህ ነው፤ ሌላ አከፋፈት አያውቅም።"

ፈርገስ መስኮቱን አየ፣ ሽቦዎቹን አየ፣ የሚደበቅበት ቦታ አጣ። በመጨረሻ እሷን አየ። "አሁን አስተምሪኝ" አለ።

የመጀመሪያውን መስመር አስያዘችው። ሲጀምር ድምፁ እንደ አሮጌ በር ጮኸ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ጨርሶ መንገድ ሳተ። ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ግን አላቆመም። ፔኒና እንዲህ ያለ መጥፎ ድምፅ በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም፤ እንዲህም ወዳ አታውቅም። አብራው መዝፈን ጀመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ራሷ ቀነሰችው፤ የእሱ እንዲሰማ ከኋላው ቆማ፣ ሲወላገድ እየደገፈችው፣ ሲቀና እየለቀቀችው፣ ደስ እያላት ዘፈነች።